316 ከ304 ይሻላል የሚባለው በየትኛው አሲድ ነው?

ናሙና ቆራጭ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል፣ የገባው ሰው ያስረዳኝ።

ለሰልፈሪክ አሲድ የሚሆን ታንከርና ቱቦ ልናሠራ ነው። ስቴይንለሱን (የማይዝገውን ብረት) ምረጥ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ ምርጫውም 304 እና 316 ከሚባሉት ዓይነቶች ነው። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «316 ውሰድ፣ ሞሊብዲነም አለበት፣ አሲድ አይደፍረውም።» እሺ ብዬ ከመግዛቴ በፊት ግን ልሞክረው አልኩና ከ304ኤል እና ከ316ኤል ላሜራ ቁራጮች አስቆረጥኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኳቸው፣ በአልኮል አጥቤ መዘንኳቸው፣ ከዚያ ሦስት የተለያየ አሲድ ውስጥ ነከርኳቸው።

መጀመሪያ 10 በመቶ ሰልፈሪክ፣ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ። 304ቱ ወዲያው አረፋ መስደድ ጀመረ፣ ላዩ ጠቆረ፣ ፈሳሹም ውሎ አድሮ ወደ አረንጓዴ አደላ። 316ቱ ጭጭ። እዚህም እዚያም አንድ ሁለት አረፋ ብቻ። ሚዛን ላይ ሲወጣም የጠፋው ትንሽ ነው። እስከዚህ ድረስ የተባለው ልክ ነው።

ቀጥሎ 65 በመቶ ናይትሪክ፣ እየፈላ፣ በጭስ መሳቢያ ስር። ሁለቱም ሲወጡ መልካቸው ደህና ነው። ሚዛኑ ግን ይበልጥ የቀነሰው 316 ነው አለኝ! ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ መዘንኩ። ያው ነው።

መጨረሻ ላይ 5 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ፣ ሞቅ አድርጌ። እሱ ሁለቱንም ሙልጭ አድርጎ በላቸው። 316ቱ ትንሽ ዘገየ እንጂ መጨረሻው አንድ ነው።

ታዲያ ይሄ ሞሊብዲነም የሚባለው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ኒኬሉ፣ መዳቡ፣ ክሮሚየሙስ እያንዳንዳቸው ምንድን ነው ሥራቸው? የእኔ ሰልፈሪክ ከ10 እስከ 40 በመቶ ነው፣ ሙቀቱ እስከ 60 ዲግሪ ይደርሳል፣ ትንሽ ክሎራይድም አያጣውም።

አሲድ ቤት

ወንድሜ፣ ናሙናህ ትክክለኛውን ነው የነገረህ። ያሳሳቱህ «አሲድ» ብለው ሁሉን በአንድ ስም የጠሩልህ ሰዎች ናቸው።

ስቴይንለስን የሚጠብቀው ላዩ ላይ የሚሠራው ክሮሚየም የበዛበት ስስ ኦክሳይድ ነው። ፓሲቭ ፊልም የሚባለው እሱ ነው። ውፍረቱ ከ1 እስከ 3 ናኖ ሜትር ቢሆን ነው፣ ዓይን አያየውም። ብረቱ ውስጥ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ሲኖር ፊልሙ ሳይቆራረጥ መላ ገጹን ይሸፍናል፣ ሲጫርም ኦክሲጅን ካገኘ ራሱን መልሶ ይጠግናል። ስለዚህ አንድ አሲድ ሲመጣ የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህን ፊልም ይሠራዋል ወይስ ያፈርሰዋል?

ናይትሪክ ይሠራዋል። ኤሌክትሮን የሚነጥቅ፣ ኦክሲዳይዝ የሚያደርግ አሲድ ስለሆነ ፊልሙ በተነካ ቁጥር እዚያው መልሶ ይተካዋል። እዚህ ጨዋታው ሁሉ የክሮሚየም ነው። ለዚህም ነው የናይትሪክ ታንከሮች በብዛት በ304ኤል የሚሠሩት፣ ሥራው ሲከብድ ደግሞ 25 በመቶ ክሮሚየምና 20 በመቶ ኒኬል ወዳለው 310ኤል የሚኬደው።

ሞሊብዲነም እንዲህ ባለ ኃይለኛ ኦክሲዳይዘር ውስጥ ከፊልሙ ጋር መቆየት አይችልም፣ ወደ ሞሊብዴት ተለውጦ ይሟሟል። በዚያ ላይ ብረቱ ሲሞቅ በክሪስታሎቹ ድንበር ላይ ሲግማ የሚባል የተለየ የክሪስታል ዓይነት እንዲፈጠር ያግዛል፣ የፈላ ናይትሪክ ደግሞ ያንን እየመረጠ ይበላል። በሚዛን ያየኸው ልዩነት ከዚህ የመጣ ነው።

ቀጭን (ውሃ የበዛበት) ሰልፈሪክና ሃይድሮክሎሪክ ሌላ ዓለም ናቸው። እነሱ ኦክሲጅን አይሰጡም፣ ሪዲዩሲንግ የሚባሉት ናቸው። ፊልሙን ያሟሙታል፣ ምትኩንም አያመጡም። ያየኸው አረፋ ሃይድሮጅን ነው፣ ብረቱ ራቁቱን ቀርቶ እየሟሟ ነው ማለት ነው። ክሮሚየም ጣሪያው ነው እንበል። ጣሪያው ከተነሳ በኋላ ወሳኙ ግድግዳው የጭቃ ነው ወይስ የድንጋይ የሚለው ነው። ግድግዳውን ድንጋይ የሚያደርጉት ኒኬል፣ ሞሊብዲነምና መዳብ ናቸው። ኒኬል ራሱ በአሲድ ውስጥ ከብረት ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ብረቱ እየሄደ እሱ ገጹ ላይ ይከማቻል። ሞሊብዲነምም እንደዚሁ መሟሟቱን ያዘገያል፣ ፊልሙ ለመመለስ የሚያስፈልገውን ጉልበትም ይቀንሳል። በ304 ውስጥ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ገደማ አለ፣ ሞሊብዲነም የለም። 316 ከ10 በመቶ በላይ ኒኬልና ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም አለው። በሰልፈሪኩ 304 ሲያፈላ 316 ጭጭ ያለው ለዚህ ነው።

ሃይድሮክሎሪክን እርሳው። አሲዱ ሪዲዩሲንግ ነው፣ ክሎራይዱ ደግሞ ፊልም እንዳይመለስ ያደርጋል። 304ም 316ም ለእሱ አልተሠሩም፣ ቀጭን ነው ብሎ መድፈርም አያዋጣም። እሱን በብረት ለመቻል 28 በመቶ ሞሊብዲነም ያለውና የቀረው አብዛኛው ኒኬል የሆነ እንደ ሃስተሎይ ቢ ያለ ነገር ወይም ታንታለም ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ጎማ ወይም ፕላስቲክ ለብጦ ይገላገላል።

ቶርኖ 12

ኧረ ነገር አታወሳስቡ። ፕሬን የሚባል ቁጥር አለ አይደል እንዴ? ክሮሚየም፣ ሲደመር 3.3 በሞሊብዲነም፣ ሲደመር 16 በናይትሮጅን። በላጩን ቁጥር ውሰድ፣ አለቀ። 304 ወደ 19፣ 316 ወደ 24፣ ዱፕሌክስ ከሚባሉት ስቴይንለሶች አንዱ፣ 2205፣ ወደ 35 ነው። 2205 904ኤል ከሚባለው ውድ ስቴይንለስ ይረክሳል፣ ቁጥሩ ግን እኩል ነው። ምን አስጨነቃችሁ?

አሲድ ቤት

ቶርኖ፣ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ የተወለደው ግን ለሌላ ሥራ ነው። ፕሬን የሚለካው ክሎራይድ ባለበት ውሃ ውስጥ መቦርቦርን ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው። ቀመሩ ውስጥ ኒኬል አለ? የለም። መዳብ አለ? የለም። ቀጭን ሰልፈሪክ ውስጥ ግን ከባዱን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

ያነሳኸው ምሳሌ ራሱ ይመልስልሃል። 2205 ውስጥ 22 በመቶ ክሮሚየም፣ 5 በመቶ ኒኬልና 3 በመቶ ሞሊብዲነም አለ። 904ኤል ውስጥ 20 በመቶ ክሮሚየም፣ 25 በመቶ ኒኬል፣ 4.5 በመቶ ሞሊብዲነምና 1.5 በመቶ መዳብ። ፕሬናቸው ሁለቱም 35 አካባቢ ነው። 50 እና 60 በመቶ ሰልፈሪክ ውስጥ ስታስገባቸው ግን 904ኤል በሰፊው ይበልጣል። ቀጭኑ ላይ 2205 ጥሩ ይሠራል፣ አልክድህም። መሃል ላይ ይወድቃል።

ናይትሮጅንም እንደዚያው ነው። መቦርቦርን ይከላከላል፣ ሲግማ እንዳይፈጠር ያዘገያል፣ ጥንካሬም ይጨምራል። ላዩ ሁሉ እኩል በሚሟሟበት ሪዲዩሲንግ አሲድ ውስጥ ግን ብዙ አትጠብቅበት።

ቶርኖ 12

የመዳቡ ነገር አልገባኝም። መዳብ ራሱን የቻለ ብረት ነው፣ አሲድ ሲነካው ይዝጋል። እንዴት ሆኖ ነው ስቴይንለስን የሚያድነው?

ገጣባ ፓምፕ

መዳብ ኦክሲጅን በሌለው ቀጭን ሰልፈሪክ ውስጥ አይሟሟም እኮ ልጄ። ሃይድሮጅን ማስለቀቅ አይችልም። መዳብን የሚያስበላው አብሮ ያለው ኦክሲጅን ወይም ሌላ ኦክሲዳይዘር ነው። ስለዚህ ስቴይንለሱ ገና መሟሟት ሲጀምር ውስጡ ያለው ጥቂት መዳብ ገጹ ላይ ቀርቶ ይከማቻል፣ የብረቱን መሟሟትም ያፍነዋል። ይህን አስበው ነው 3 እና 4 በመቶ መዳብ የጨመሩበት ቅይጥ ለሰልፈሪክ ብለው የሠሩት። አሎይ 20 ይባላል። 20 በመቶ ክሮሚየም፣ 35 በመቶ ገደማ ኒኬል፣ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም፣ ከዚያ መዳቡ፣ በላዩም ትንሽ ኒዮቢየም። ናይትሪክ ውስጥ ያ መዳብ ምንም አይፈይድልህም፣ እዚያ እሱ ራሱ ይሟሟል።

በእኔ ዕድሜ ያየሁት ብዙው የፓምፕ ችግር ሰው የአሲዱን ስም ጠይቆ መቶኛውን ሳይጠይቅ ሲገዛ የሚመጣ ነው። ሰልፈሪክ አንድ አሲድ አይደለም። 5 በመቶውና 50 በመቶው አይተዋወቁም። ከ40 እስከ 80 በመቶ ያለው መሃለኛው ለ304ም ለ316ም መቅሰፍት ነው። 904ኤልን የሠሩት ሰዎች በንጹህ ሰልፈሪክ ውስጥ በየትኛውም መቶኛ እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል ይላሉ። «ንጹህ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ክሎራይድ ሲገባበት ያ የሙቀት ጣሪያ በፍጥነት ይወርዳል።

ናሙና ቆራጭ

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። 98 በመቶ ሰልፈሪክ በተራ ጥቁር ብረት ታንከር ሲጓጓዝ አይቻለሁ። ስቴይንለስ እንኳን አይደለም! ቀጭኑ 304ን ሲበላ ወፍራሙ ተራ ብረትን እንዴት ይተዋል?

ገጣባ ፓምፕ

ይሄ ሁሉንም የሚያስገርም ነገር ነው። በወፍራሙ አሲድ ውስጥ ውሃ የለም ማለት ይቻላል። ብረቱ መጀመሪያ ትንሽ ይበላና የብረት ሰልፌት ይሆናል፣ ያ ሰልፌት ወፍራም አሲድ ውስጥ በደንብ ስለማይሟሟ ገጹ ላይ ተጋግሮ ይቀራል። ታንከሩን የሚጠብቀው ያ ግግር ነው። ስለዚህ አሲዱ በጸጥታ ሲቀመጥ ደህና ነው፣ ቱቦ ውስጥ በፍጥነት ሲሮጥ ግግሩን እየጠረገ ይሄድና ብረቱ ያልቃል። ሲሞቅም እንደዚያው። ከሁሉ የከፋው ውሃ ወይም እርጥብ አየር ሲገባ ነው፣ ላዩ ላይ ያለው አሲድ ይቀጥናል፣ ቀጭኑ ደግሞ ግግሩን አሟሙቶ ብረቱን ይበላል። ባዶ ታንከር በትንሽ ውሃ ለቅለቅ አድርጎ መተው ማለት ሆን ብሎ መብሳት ነው።

ወፍራሙ አሲድ ሲሞቅ ደግሞ ኦክሲዳይዝ ማድረግ ይጀምራል፣ ጠባዩ ወደ ናይትሪክ ይሄዳል። እዚያ ተረኛው ሲሊከን ነው። ተራ ስቴይንለስ ውስጥ ሲሊከን ከ1 በመቶ አይበልጥም። 5 እና 6 በመቶ ሲደረግ ግን ገጹ ላይ ሲሊካ የበዛበት ፊልም ይሠራል፣ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ ትኩስ ሰልፈሪክን ይችላል። በጣም ወፍራም ለሆነ ናይትሪክም 4 በመቶ ገደማ ሲሊከን ያለው ስቴይንለስ አለ፣ ምክንያቱም እዚያ ኦክሲዳይዙ ከመጠን ያልፍና ክሮሚየሙ ራሱ መሟሟት ይጀምራል። ብረት መቅለጫ ቤት የሚያውቁት ደግሞ 14.5 በመቶ ሲሊከን ያለው ካስት አይረን አለ፣ በየትኛውም መቶኛ ያለ ሰልፈሪክ አይነካውም፣ ግን በመዶሻ ነካ ካደረጉት እንደ ብርጭቆ ነው።

ብየዳ በቃኝ

እኔ የምለው፣ ሁላችሁም ስለ ላሜራው ታወራላችሁ። ታንከር የሚያፈሰው ላሜራው ላይ ነው እንዴ? ብየዳው ጎን ነው።

ካርበኑን ማንም አላነሳውም። ብየዳ ሲሞቅ ከመስመሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ከ450 እስከ 850 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚቆይ ቦታ አለ። እዚያ ካርበኑ ከክሮሚየም ጋር ይጋባል፣ በካርባይዱ ውስጥ ለ6 ካርበን 23 ክሮሚየም አቶም ይሄዳል። ጥቂት ካርበን ብዙ ክሮሚየም ይዞ ይጠፋል ማለት ነው። የሚሰበሰበውም በክሪስታሎቹ ድንበር ላይ ስለሆነ አጠገቡ ያለው ቦታ ክሮሚየሙ ተሟጥጦ ከ10.5 በመቶ በታች ይወርዳል፣ አሲዱም በዚያች ቀጭን መንገድ ገብቶ ክሪስታሎቹን አንድ በአንድ ያረግፋቸዋል። ከውጭ ሲያዩት ከብየዳው ጎን ጎን የሚሄድ ቦይ ነው። በጣት ሲነኩት አሸዋ አሸዋ ይላል።

«ኤል» የሚለው ፊደል የሚገዛው ለዚህ ነው። 304ኤል እና 316ኤል ካርበናቸው 0.03 በመቶና ከዚያ በታች ነው። ሌላው መንገድ ካርበኑን ቀድሞ የሚያስር ነገር መጨመር ነው፣ 321 ውስጥ ቲታኒየም፣ 347 ውስጥ ኒዮቢየም። ለትኩስ ናይትሪክ ከሆነ 347 ይሻላል፣ የቲታኒየሙን ካርባይድ ናይትሪክ ስለሚበላው ከብየዳው አፍ ላይ በቢላ የተሰነጠቀ የሚመስል መስመር ያወጣል።

ደግሞ በእጅ የሚያዘውን የኤክስሬይ መመርመሪያ አምናችሁ «ኤል ነው» እንዳትሉ። እሱ ካርበን አያይም። ክሮሚየሙን፣ ኒኬሉን፣ ሞሊብዲነሙን ያነብልሃል፣ ተራውን 304 ከ304ኤል ግን አይለይልህም። የፋብሪካውን ሰርተፊኬት ጠይቁ።

ከብየዳ በኋላ የሚቀረው ሰማያዊና ቡናማ ቀለም ደግሞ ለጌጥ አይደለም። ያ ወፍራም ኦክሳይድ ከሥሩ ክሮሚየም የወሰደ ነው። በናይትሪክና ሃይድሮፍሎሪክ ቅልቅል ይነሳ፣ ሃይድሮፍሎሪክ ግን ቀልድ አያውቅም፣ ካልሠለጠነ ሰው እጅ ይራቅ። በተራ የብረት ብሩሽ መፈግፈግም ይቅርባችሁ፣ የብሩሹ ብረት እዚያው ተለጥፎ ይዝጋል።

ቶርኖ 12

ብየዳ በቃኝ ጥሩ ብላለች። እኔም ከሥራዬ አንድ ልጨምር። 303 የሚባለው ቶርኖ ላይ እንደ ቅቤ የሚቆረጠው ድኝ ስለተጨመረበት ነው፣ ቢያንስ 0.15 በመቶ። ያ ድኝ ከማንጋኒዝ ጋር ሆኖ በብረቱ ውስጥ ተዘርግቶ ይቀመጣል፣ አሲድ ሲያገኘው መጀመሪያ የሚሟሟው እሱ ነው። መቦርቦሩም ከእሱ ይጀምራል። ታንከሩን 316ኤል አድርጎ ብሎኑንና ዳዶውን 303 ማድረግ በብዛት አያለሁ። ብሎኑ ቀድሞ ይሄዳል።

ጸጥ ያለ ፊልም

201ንም አትርሱ። ኒኬል ውድ ስለሆነ ግማሹን በማንጋኒዝና በናይትሮጅን ተክተው የሠሩት ነው። ኒኬሉ ከ3.5 እስከ 5.5 በመቶ፣ ማንጋኒዙ ከ5.5 እስከ 7.5 በመቶ። ያብረቀርቃል፣ ማግኔት አይስበውም፣ ስለዚህ 304 ነው ተብሎ ይሸጣል። በማግኔት እለየዋለሁ የሚል ሰው ካለ ራሱን ነው የሚያታልለው። ማንጋኒዝ የኒኬልን ቦታ የሚይዘው የክሪስታሉን አቀማመጥ በመጠበቅ እንጂ አሲድን በመቋቋም አይደለም። ሪዲዩሲንግ አሲድ ውስጥ ሲገባ የጎደለው ኒኬል ወዲያው ይታያል።

ናይትሪኩን በተመለከተ አንድ ነገር ላክል። 65 በመቶ የፈላ ናይትሪክ ራሱ የታወቀ ፈተና ነው፣ ሂዩይ ይባላል። 48 ሰዓት 48 ሰዓት እያለ አምስት ዙር ይኬዳል፣ በየዙሩ አሲዱ ይቀየራል። የሚቀየረው ከብረቱ የወጣው ክሮሚየም ወደ ስድስተኛው ደረጃው ከፍ ብሎ አሲዱን ይበልጥ ጨካኝ ስለሚያደርገው ነው። ናሙና ቆራጭ፣ ሁለቱን ብረቶች በአንድ ዕቃ ውስጥ ነክረህ ከሆነ የአንዱ ቆሻሻ ሌላውን ነክቶት ይሆናል። ለየብቻ አድርጋቸው።

ናሙና ቆራጭ

ለየብቻ ነው የነከርኳቸው፣ ግን አሲዱን አልቀየርኩም። እቀይራለሁ።

አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ሰልፈሪኩን ሳላሞቅ ስሞክረው 304ቱም ጭጭ ብሎ ነበር። ከዚያ በሽቦ ላወጣው ስል ድንገት አረፋ ጀመረ፣ ሽቦውን ካነሳሁ በኋላም አላቆመም። ይሄ ምንድን ነው?

ገጣባ ፓምፕ

ሽቦው ተራ ብረት ወይም ዚንክ የተቀባ ነበር፣ አይደል? ድሮ ተማሪ ለማስተማር የምናሳየው ነገር ነው ሳታስበው የሠራኸው። 304 ቀጭንና ቀዝቃዛ ሰልፈሪክ ውስጥ ጫፍ ላይ ነው የቆመው። ከአየር ይዞት የመጣው ፊልም ስላለ ጸጥ ይላል። ዚንክ ወይም ተራ ብረት ሲነካው ኤሌክትሮን ወደ እሱ ይገፋበታል፣ ፊልሙ ይፈርሳል። ሽቦው ቢነሳም ፊልሙን የሚመልስ ኦክሲዳይዘር አሲዱ ውስጥ ስለሌለ ራቁቱን ቀርቶ መበላቱን ይቀጥላል። እዚያው ላይ ጥቂት የመዳብ ሰልፌት ወይም የፌሪክ ሰልፌት ጠብ ብታደርግበት አረፋው ሲቆም ታያለህ። እነሱ ኦክሲዳይዘር ሆነው ፊልሙን ይመልሱታል።

እንዲህ ከሆነ ብረቱ ብቻ ሳይሆን አሲዱ ውስጥ ያለው ቆሻሻም ይወስናል ማለት ነው። ከመዳብ ወይም ከብረት ማጠቢያ የተመለሰ ሰልፈሪክ ከንጹሁ ይልቅ ለ316 ሊራራ ይችላል። ለቀጭኑ አሲድ አየር የሚገባበት የስቴይንለስ ታንከር ከተዘጋው ይሻላል። ሰዎች ይህን አውቀው በትልልቅ የወፍራም ሰልፈሪክ ማቀዝቀዣዎች ላይ በኤሌክትሪክ ፊልሙን ጠብቀው ያቆያሉ፣ አኖዲክ ፕሮቴክሽን ይባላል። ይሄንኑ ዘዴ ወደ ሃይድሮክሎሪክ እንዳትወስዱት ግን! እዚያ የፌሪክ (የብረት) እና የመዳብ አዮኖች ሲገቡ ብረቱን ይበሳሱታል። ሃስተሎይ ቢንም የሚገድሉት እነሱ ናቸው፣ ክሮሚየም የለውም ማለት ይቻላል፣ ኦክሲዳይዘር ሲመጣበት የሚጠለልበት ፊልም የለውም።

ታሪኩም ይገርማል። በ1913 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ ስቴይንለስን ከፈለሰፉት አንዱ የሆነው ሃሪ ብሪርሊ 12.8 በመቶ ክሮሚየም ያለውን ብረቱን በናይትሪክ ላዩን አስበልቶ በማይክሮስኮፕ ሊያየው ሲል አልበላ አለው። ሆምጣጤም ሞከረ፣ አልነካውም። ያኔ በእጁ የያዘው ቀጭን ሰልፈሪክ ወይም ሃይድሮክሎሪክ ቢሆን ኖሮ ተበልቶ ባየውና እንደማንኛውም ብረት በቆጠረው ነበር።

ናሙና ቆራጭ

እሺ፣ ወደ እኔ ጉዳይ እንመለስ። ከ10 እስከ 40 በመቶ፣ እስከ 60 ዲግሪ፣ ከነክሎራይዱ። ምን ልግዛ?

አሲድ ቤት

316ኤልን ተወው። 10 በመቶው ላይ ያየኸው ጸጥታ 40 በመቶና 60 ዲግሪ ላይ አይደገምም። ታችኛው ጫፍ ላይ 904ኤል ይበቃሃል፣ ላይኛው ጫፍ ላይ ግን ድንበር ላይ ነው፣ ክሎራይዱ ከጨመረ ያልፍበታል። አሎይ 20 ይሻላል፣ ዋጋው ግን አለ። ለታንከሩ ጎማ የተለበጠ ጥቁር ብረት ወይም ፖሊፕሮፒሊን አስብበት፣ ውዱን ቅይጥ ለፓምፑና ለቫልቩ አቆየው። ሁሉንም ነገር በስቴይንለስ ካልሠራሁ ማለት ግዴታ አይደለም።

ከመወሰንህ በፊት ግን በራስህ አሲድ ሞክር፣ ከጠርሙስ በወጣ ንጹህ አሲድ አይሆንም። ቁራጮቹ ላይ ብየዳ ይኑርባቸው። አንዱን ፈሳሹ ውስጥ፣ አንዱን ከላይ ጭሱ ላይ፣ አንዱን ግማሹ ጠልቆ ግማሹ ወጥቶ ስቀላቸው፣ ብዙ ጊዜ የሚበላው ያ የውሃው መስመር ነው። አንጠልጥላቸው በቴፍሎን ክር፣ በሽቦ ይቅርብህ፣ ለምን እንደሆነ ጋሼ ነግረውሃል። ከዚያ የጠፋውን ክብደት በሚሊግራም ይዘህ በ87.6 አባዛው፣ ለእፍጋቱ በግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ ለገጹ ስፋት በካሬ ሴንቲ ሜትርና ለሰዓቱ ብዜት አካፍለው። በዓመት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚበላ ይነግርሃል። እፍጋቱን 8 አድርገህ ያዘው። ከ0.1 በታች ከሆነ አብዛኛው ሰው ይቀበለዋል። ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ላዩ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ካየህ ግን ቁጥሩን አትመነው፣ ቦርቧሪ ዝገት ክብደት ሳይቀንስ ታንከር ይበሳል።

ናሙና ቆራጭ

የመጨረሻ ጥያቄ። በቱቦ መጋጠሚያው መሃል የሚገባውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ከምን ላድርገው? ያለን ጎማ ነው።

ብየዳ በቃኝ

ቴፍሎን። ጎማውን ከማታውቀው ቦታ ካመጣኸው ክሎራይድ የሚለቅ ሊሆን ይችላል፣ ከመጋጠሚያው ፍላንጅ ሥር ደግሞ አየር አይገባም፣ ፊልሙ ተመልሶ የማይሠራበት ጠባብ ቦታ ነው። ስትቆርጠው ከቱቦው አፍ እኩል ይሁን፣ ወደ ውስጥ የሚተርፍ ከንፈር አትተው።